ጭምብሉ የሚሸፍነው ምንድን ነው?

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮቪድ-19 ወደ ሀገራችን መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአደባባይ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ፤ ጭምብል ያጣም በነጠላው ይሸፍን ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ጎዳናዎችና በጣና ዳር መዝናኛዎች ጭምብል ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከሕክምና ተቋማት ግን አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባውም። በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ያለ ጭምብል አይታሰብም። መስማት የተሳነው ሰው እንግዲህ ጭምብል የሚገጥመው ታሞ በሄደበት፣ መግባባት እጅግ በሚያስፈልገው ስፍራ ነው።

ብዙዎች «የምልክት ቋንቋ የእጅ ነውና ጭምብል ምን ይጎዳዋል?» ይላሉ። የጣት ፊደሉ በርግጥ አይሸፈንም። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ይወክላል። (ከፊደላችን ጋር እንዲህ የተዋደደ ሥራ በየትምህርት ቤቱ ለሁሉም ልጆች ቢታይ እንዴት መልካም ነበር!) ነገር ግን ንግግር በጣት ፊደል ብቻ አይካሄድም። በዓለም የምልክት ቋንቋዎች ዘንድ ፊት የሰዋስው ሥራ አለው፤ ቅንድብ ዐረፍተ ነገሩን ወደ ጥያቄ ሲለውጥ፣ ጉንጭና ከንፈር የነገሩን መጠንና ሁኔታ ያመለክታሉ። ጭምብል የፊትን ግማሽ ሲወስድ የሰዋስውም ከፊል አብሮ ይሄዳል።

ከንፈር ለሚያነቡት ችግሩ ይከፋል። መ እና በ ሁለቱም በከንፈር መገጣጠም ስለሚፈጠሩ «መራ» እና «በራ» በዐይን አይለዩም። ከ እና ቀ ከጉሮሮ አካባቢ ስለሚወጡ «ከሰሰ» እና «ቀሰሰ»ም እንዲሁ ናቸው። ያልተሸፈነ ከንፈር እንኳ የሚሰጠው ፍንጭ ነው፤ ቀሪውን ተመልካቹ ከዐውዱ ይሞላል። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለባቸው። ጭምብል ከ2000 ሄርዝ በላይ ያሉትን ድምፆች ያዳክማል፤ ቅነሳው በተራው የሕክምና ጭምብል ጥቂት ዴሲቤል ሲሆን፣ በኤን 95 ዓይነቱ ወደ 12 ዴሲቤል ይጠጋል። ሰ፣ ሸ እና ፈን የምንለየው በአብዛኛው በእነዚሁ ቀጫጭን ድምፆች ነው።

ከንፈር የሚያሳየው ባለ መስኮት ጭምብል መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ ፕላስቲኩ በእስትንፋስ ይደበዝዛል፤ ድምፅንም ከጨርቅና ከተራው የሕክምና ጭምብል ይበልጥ ያግዳል። ለአንዱ የጠቀመው ሌላውን ይጎዳል ማለት ነው። በጽሑፍ መግባባትም ትምህርት ቤት ላልገባው አይሠራም። ዘመድ አስተርጓሚ ሲሆን ደግሞ የታማሚው ምስጢር ከቤተሰቡ ጆሮ ይገባል፤ ይህ በእኛ እምነት ከሁሉም የከፋው ነው።

ሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ በየሪፈራል ሆስፒታሉ አስተርጓሚ መመደብ፣ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎችም ከመመረቃቸው በፊት መሠረታዊ ምልክቶችን እንዲማሩ ማድረግ የማይቻል አይደለም። «የት ያምሃል?»፣ «በቀን ስንት ጊዜ?»፣ «ከምግብ በፊት»፣ «ከምግብ በኋላ» የሚሉትን ምልክቶች ለመልመድ፣ እንደምናምነው፣ ጥቂት የከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜዎች ይበቃሉ።