ዣንቶዣራን ቆቦ ላይ ስንጨርስ

ልጅ የወለደ ሰው መጽሐፍ አይጨርስም ይባላል። እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ያልወለዱት ናቸው። እኛ ሁለት ወልደናል፤ ሦስት ተከታታይ መጽሐፍም ጨርሰናል። (አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቶብናል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

እኛ ስንል ባልና ሚስት ማለታችን ነው። ኑሯችን ቆቦ ነው። ከወልዲያ ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ጎብዬንና ሮቢትን አልፋችሁ፣ ዋጃና አላማጣ ሳትደርሱ የምታገኟት፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ የቆመባት፣ በግንቦት ጥላው ራሱ የሚያልብባት ከተማ። ማሽላ እንጂ መጽሐፍ በብዛት አይበቅልባትም ብትሉን አንጣላችሁም።

የጨረስናቸው መጻሕፍት የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ፣ ራማቶሓራ እና ዣንቶዣራ ናቸው። በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በእኛ አቆጣጠር ነው) ዴርቶጋዳ ሲወጣ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ የማይታይበት ቦታ አልነበረም። የጣና ገዳማት፣ የውጭ አገር ሰላዮች፣ ባሕር ማዶ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት፣ ከዓለም የተሰወረ ጥበብ… ይህን ሁሉ በአማርኛ አንድ ጥራዝ ውስጥ ያገኘ ወጣት እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? እኛ ጋ የደረሰው አንድ ቅጂ ነበር። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ሌሊት ብቻ። ከሁለታችን አንዱ ያነበበው በዚያ ወረፋ ነው። ተከታዩ ተረኛ ደግሞ ሌላኛችን ነበር። ትውውቃችን ከዚያ ይጀምራል፤ ዝርዝሩ ለእናንተ አይደለም።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች መጽሐፉን አልወደዱትም ሲባል ሰምተናል። «የዳን ብራውን ነገር ነው»፣ «የማይመስል ነገር ነው» አሉ። ይሁን። የማይመስል ነገር የማይወድ ሰው ፋንታሲ ደጅ ምን አመጣው? እርግጥ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሲነበብ በአሥራ ስምንት ዓመት እንደተነበበው አይሆንም። ሰዎቹ ከመኖር ይልቅ መሮጥ ይቀናቸዋል። ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ ማየት ያምራችኋል። ግን አንድ ነገር አንክድም፦ ከዚያ በፊት ምሥጢር፣ ማሽንና ጀብዱ የሌላ አገር ንብረት ይመስለን ነበር። ጀግናው ለንደን ወይ ኒውዮርክ ነው፤ እኛ ተመልካች ነን። ዴርቶጋዳ ካርታውን አዙሮ እኛ ፊት ዘረጋው። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ሁለተኛውን ራማቶሓራን ከተጋባን በኋላ አገኘነው። እርግዝና ላይ ነበርን (እርግዝናው የአንዳችን ቢሆንም ወገቡ የታመመው ሁለታችንም ነው)። ሕፃን ያለበት ቤት ንባብ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ እናስረዳ፦ አንድ ገጽ፣ ጡት፣ ግማሽ ገጽ፣ ዳይፐር፣ ያንኑ ግማሽ ገጽ እንደገና፣ እንቅልፍ። ሰላዩ በር ላይ ቆሞ ሽጉጡን እንዳወጣ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ምን ታደርጉታላችሁ? ልጁ ትኩሳት አለው፤ ሰላዩ ይጠብቅ። ሦስተኛውን ዣንቶዣራን ገዝተን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥነው። «ልጆቹ ትንሽ ሲያድጉ» አልን።

ልጆቹ ሳያድጉ 2013 ደረሰ።

በሐምሌ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ቆቦን ያዙ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ጳጉሜን 4 ቀን ከተማዋ ውስጥ በሲቪሎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ባወጣው ሪፖርት ጽፎታል፤ እኛ እዚህ አንደግመውም። በነሐሴ 2014 እንደገና ጦርነት መጣ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ፊርማ ሲፈረም ተነፈስን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ሌላ ተኩስ። ይህን የምንዘረዝረው እንድታዝኑልን አይደለም። ሦስተኛውን መጽሐፍ ለምን ቶሎ አልጨረሳችሁም የሚል አንባቢ እንዳለ ስለምናውቅ ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ጨለማ ትልቋ ልጃችን አምስት ዓመቷ ነበር። ማታ በር ዘግተን፣ ድምፅ ቀንሰን፣ ጋደም ብለን ተረት እናወራለን። የጦጣና የቀበሮው ተረት አለቀ። ከዚያ አንዳችን ዴርቶጋዳን ከጭንቅላቱ እያወጣ ማውራት ጀመረ። ለልጅ የማይሆነውን እየዘለለ፣ የረሳውን እየፈጠረ፣ ጣናን ከማሽላ ማሳ ጎን እያደረገ። ልጅቱ ሰምታ ሰምታ አንድ ማታ ጠየቀች፦

«አባ፣ ጣና ውስጥ ያለው ነገር ለምን አይመጣልንም?»

አንዳችን «ሩቅ ስለሆነ ነው» አለ። ሌላኛችን «ተረት ስለሆነ ነው» አለች። ሁለቱም መልስ በአንድ ጊዜ ወጣ። ልጅቱ ትንሽ ዝም አለችና ሩቁን መረጠች። እኛ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ይህን ጽሑፍም የምንጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

«ተረት ነው» ያለችው የቤታችን ክንፍ ክርክሯ እንዲህ ነው። ይህ አገር አዳኝ ሲጠብቅ የኖረ አገር ነው። የተሰወረ ጥበብ አለን፣ የተደበቀ ኃይል አለን፣ አንድ ቀን ይወጣል፣ ያኔ ሁሉም ያየናል… ይህን ፋንታሲ በመጽሐፍ ብቻ አላነበብነውም፤ በስብከትም በካድሬ ስብሰባም ሰምተነዋል። ጥይት በሚያፏጭበት ሰፈር ለሚያድግ ልጅ «የሆነ ቦታ የተሰወረ ኃይል አለ» ብሎ መንገር ያልተሰጠውን ቃል መግባት ነው። ነገ ኃይሉ በእጄ ነው የሚል አንዱ ሲመጣ ልጁ ምን ብሎ ይለየዋል?

«ሩቅ ነው» ያለው ክንፍ ደግሞ ይህን ይላል። ልጅ ፋንታሲን እንደ ዜና አይሰማውም። ልጃችን በማግስቱ ጣናን አልጠበቀችም፤ ወጥታ ከታናሿ ጋር ሰላይ ስትጫወት ዋለች። ያ ጨዋታ ደግሞ ፍርሃቷን የምትይዝበት እጀታ ሆናት። ተኩስ ሲሰማ «ሰላዮቹ መጡ» ስትል፣ ለማይገባት ነገር እሷ ራሷ ያወጣችው ስም ነው። ስም ያለው ነገር ደግሞ ትንሽም ቢሆን ያንሳል።

ሁለቱም እውነት ይመስለናል። ሲገፉን ግን ለሁለተኛው እናደላለን። እንኳን እኛ፣ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ አባት የሚባለው ቶልኪንም ያለ ልጅ አልጻፈም። ሆቢትን (እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ነው) መጀመሪያ ያወራው ለገዛ ልጆቹ ነበር። ትንሹ ክሪስቶፈር «ባለፈው የቢልቦ በር ሰማያዊ ነው አልክ፤ አሁን አረንጓዴ አደረግከው» እያለ አባቱን ያርመው ነበር ይባላል። ልጁ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አየር ኃይል ደቡብ አፍሪካ ሳለ፣ አባትየው የቀለበቶቹን ጌታ ምዕራፎች እየጻፈ በፖስታ ይልክለት ነበር። ዓለም በሙሉ ጦርነት ላይ ነው፤ አባት ግን ለወታደር ልጁ የፋንታሲ ምዕራፍ ይልካል። ይህን ስናነብ የቆቦ ሰው ይመስል ነበር።

ሌላም ያስተዋልነው አለ። ትልልቆቹ ተከታታይ ፋንታሲዎች የት እንደሚያልቁ አይታችሁልናል? የቀለበቶቹ ጌታ የሚያልቀው ሳም ቤቱ ገብቶ ልጁን ጭኑ ላይ ሲያስቀምጥ ነው። ሃሪ ፖተር፣ ሰባተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ፣ የመጨረሻው ትዕይንት ባቡር ጣቢያ ነው፤ ሃሪ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ልጆቹን ትምህርት ቤት ይሸኛል። ብዙ ወጣት አንባቢ በዚያ መጨረሻ ተናዷል። «ይኼ ነው እንዴ?» ብሏል። እኛም ልጅ ሳንወልድ ብናነበው እንል ነበር። ዘንዶ ካሸነፉ በኋላ ልጅ መሸኘት! ግን ከ2013 በኋላ ልጅን ደብተር አስይዞ ከበር መሸኘትን፣ ማታም ተመልሶ መምጣቱን እንደ ትንሽ ነገር የሚያይ ወላጅ እኛ ከተማ ያለ አይመስለንም።

ዣንቶዣራን የጀመርነው ልጆቹ ዘጠኝና ሰባት ሲሆኑ ነው። ጮክ ብሎ ማንበብ፣ በየማታው ጥቂት ገጽ፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሳይኖር በስልክ ባትሪ። የስልኩ ቻርጅ ካለቀ ምዕራፉም አለቀ። አሁንም ለዕድሜያቸው የማይሆነውን እንዘላለን። ትንሹ ግን ይነቃል፤ «እማ፣ ገጹን ሁለት ጊዜ ገለጥሽ» ይላል። በኅዳር የማሽላ አጨዳ ሳምንት ሁላችንም ደክመን ስለምንወድቅ ንባብ የለም። የወፍ ጥበቃው ወቅት ግን ለንባብ ምርጥ ነበር፦ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ጥንቅሽ እየመጠጡ መስማት። ወፉ ከልብ ወለዱ የተጠቀመ ይመስለናል።

ስናነብ አያታቸውም ይሰማሉ። አያታቸው የራሳቸው ተከታታይ አላቸው። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር። «ሥራ ይቆማል፣ ወጥ ያራል» ይላሉ። ታዲያ መጨረሻው አካባቢ የሬዲዮው ድንጋይ አለቀ። የሚተካው ድንጋይ ሲገኝ ትረካው አልቋል። አርባ ዓመት ሙሉ ለእማማ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተጋብተው፣ ልጆች ወልደው፣ ጎጃም ውስጥ ይኖራሉ። ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አልነገራቸውም። እኛም አልነገርንም። ልጃችን አድጋ ስታነበው ምን እንደምትል እግዜር ይወቅ።

ይህን ያመጣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ተከታታይ ታሪክ እኛ አገር ብቻውን የሚነበብ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ወረፋው፣ የሬዲዮው ድንጋይ ሁሉ የታሪኩ አካል ነው። አባባ ተስፋዬም አርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ልጆችን ሲያጫውቱ ተረቱን የሚሰማው ሰፈሩ በሙሉ ነበር። ዛሬ ግን ዣንቶዣራን ጨርሰን መጽሐፉን ስናጥፍ፣ ልጆቹ «ቀጣዩስ?» ሲሉን፣ ምን እንስጣቸው? ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የተጻፈ፣ አምስት ስድስት ክፍል ያለው፣ ጀግናዋ ማሽላ የምታውቅ፣ አማርኛው የእሷ የሆነ ፋንታሲ ስንፈልግ ባዶ እጃችንን ቀረን። ስስ የተረት መጽሐፍ ሞልቷል፤ በሃያ ደቂቃ ያልቃል። ከልጁ ጋር የሚያድግ፣ በየዓመቱ የሚጠበቅ፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» የሚያሰኝ ግን አላገኘንም። የእኛ ልጆች ለአዋቂ የተጻፈውን በተዘለለ ገጽ የሚሰሙት ሌላ ስላጡ ነው።

ለምን አይጻፍም ብለን የጠየቅናቸው ወዳጆች የወረቀት ዋጋ ይነግሩናል። ወረቀት ተወዷል፤ አንድ ጥራዝ ማሳተም ዕዳ ነው፤ ሰባት ጥራዝማ እብደት ነው። እንረዳለን። ግን ዴርቶጋዳም የወጣው ወረቀት በነፃ በሚታደልበት ዘመን አልነበረም፤ አንድ ቅጂ ስንት ቤት እንደዞረ እኛ ምስክር ነን። ሬዲዮስ? ትረካ በሬዲዮ ወረቀት አይበላም። ፖድካስቱ፣ ዩቲዩቡ ለአዋቂ ወሬ ሲሆን አይደክምም፤ በሳምንት ሃያ ደቂቃ ለልጆች የሚተርክ ጎበዝ ግን አጥተናል። እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ማይክም ድምፅም ያላችሁ፣ ይህን ስታነቡ ትንሽ ይቆጥቁጣችሁ። ኢንተርኔት ሲኖር አውርደን እናስቀምጣለን፤ ሳይኖር እናሰማለን። ማስቀመጡን ተክነንበታል።

በበኩላችን ልጅቱ አራተኛውን ክፍል ራሷ ጀምራዋለች። በ32 ገጽ ደብተር ነው የምትጽፈው። የተሰወረው ነገር ከጣና ተነሥቶ ዞብል ተራራ ውስጥ ገብቷል፤ ጠባቂው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሰላዮቹ በባጃጅ ይመጣሉ። አያቷ የበዛብህንና የሰብለን ልጆችም አስገቢልኝ ስላሏት አስገብታለች። ስድስተኛው ገጽ ላይ ቆማለች፤ ጠባቂው ተራራው ውስጥ ሲገባ ፍየሎቹን ማን እንደሚጠብቅ አልወሰነችም።