«ጭኑ ረዘመ ብለው ልጄን መለሱት»

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዐምዳችን ስለ ወር አስቤዛ አያያዝ ልናወጋችሁ አስበን ነበር። ዳሩ ግን አንዲት የሠራዊት አባል ባለቤት የላኩልን ደብዳቤ ከጠረጴዛችን ላይ አልነሣ ብሎ ሌላውን ጉዳይ አስተወን።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የበኩር ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጣራቸው ላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን አንጋጦ ሲያይ ያደገ ነው። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ለአብራሪነት ተመዘገበ። የጽሑፉን ፈተና አለፈ፤ ዐይኑም ጆሮውም ደኅና ነው ተባለ። በመጨረሻ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጦ ሲለካ ግን ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ያለው ርዝመት ከተፈቀደው በለጠና ተመለሰ። «ልጄ መለሎ ነው፤ አጭር ነው ቢሉኝ ባልከፋኝ» ይላሉ እናቱ። «ጭን ረዘመ ተብሎ ሰው ይመለሳል? ጎረቤት ሁሉ ዘመድ ስለሌላችሁ ነው ይለኛል። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቱን ቀና ብሎ አያይም። ለሚመጣው ዙር ጉልበቱን ወደ ጎን ከፈት አድርጎ ሊለካ ያስባል። ምን ልበለው?»

እኅታችን ሆይ፣ ልጅዎ ሲለካ በቦታው አልነበርንም፤ ስለዚህ የለኩትን ሰዎች ልንወቅስም ልናሞግስም አይገባንም። ነገር ግን የጭን ርዝመት ለምን እንደሚለካ እናውቃለንና እርሱን እንንገርዎ።

የተዋጊ ጄት አብራሪ የሚቀመጥበት ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። አብራሪው በዚያ ጠባብ ስፍራ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መቻል አለበት። ዐይኑ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በላይ አሻግሮ ማየት፣ እግሩ መርገጫውን እስከ መጨረሻው መግፋት፣ ትከሻው በቀበቶ ተጠፍሮ እያለ እጁ ከማብሪያና ከማጥፊያው ሁሉ መድረስ፣ ራሱም ከላይ ካለው መስተዋት ጋር ሳይጋጭ መቀመጥ ይኖርበታል። ቆመው ሲለኩ እኩል የሆኑ ሁለት ጎልማሶች ሲቀመጡ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ቁመቱ ከእግሩ፣ ሌላው ከወገቡ በላይ ነውና። ስለዚህ የቁም ቁመት ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም። የተቀመጠ ሰው ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት ያለው ርቀት፣ ክብደትም ለየብቻቸው ይመረመራሉ።

ጭን የሚለካበት ዋናው ምክንያት ግን የክፉ ቀን ጉዳይ ነው። አውሮፕላኑ ሲመታ ወይም ሲበላሽ አብራሪው እጀታውን ይስባል፤ መቀመጫውም በባሩድና በሮኬት ኃይል እርሱን እንደ ያዘ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ጉልበቱ ከመቀመጫው አልፎ ወደ ፊት የወጣ አብራሪ በዚያች ቅጽበት ጉልበቱ ከፊቱ ካለው የመሣሪያዎች ሰሌዳ ወይም ከመስተዋቱ ማቀፊያ ብረት ጋር ይጋጫል። ነፍሱ ብትተርፍ እንኳ እግሩን ሊያጣ ይችላል። ልጅዎ ጉልበቱን ከፈት አድርጎ ለኪውን ሊያታልል ይችል ይሆናል፤ ያንን ብረት ግን አያታልለውም። ስለዚህ ይህን ምክር አጥብቀው ይከልክሉት።

የክብደቱም ነገር እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካኖች ክብደታቸው ከ62 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ አብራሪዎች ኤፍ-35 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን እንዳያበሩ አገዱ። መቀመጫው ሲስፈነጠር ከባዱ የራስ ቁር የቀላሎቹን ሰዎች አንገት ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ስለ ተፈራ ነው። የታገዱት ሰዎች ሰነፎች ስለ ነበሩ አልነበረም። ቁሩ ከቀለለ፣ የጃንጥላው አከፋፈት ለቀላል አብራሪ ጥቂት እንዲዘገይ ከተደረገና ለራስ መደገፊያ ከተጨመረ በኋላ እገዳው በ2017 ተነሣ። የተስተካከለው ዕቃው እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።

«አጭር ቢሆን ባልከፋኝ» ላሉት ደግሞ አንድ ታሪክ እናስታውስዎ። ዩሪ ጋጋሪን ቁመቱ 157 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። በኦሬንቡርግ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ሳለ አውሮፕላን ማሳረፍ አስቸግሮት ሊባረር ተቃርቦ ነበር። አሠልጣኙ ከሥሩ ትራስ ቢያደርግለት ወደ ውጭ አሻግሮ ማየት ቻለ፤ በደኅናም አሳረፈ። ያ ሰው ሚያዝያ 12 ቀን 1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሰው ልጅ ሁሉ ቀድሞ ወደ ጠፈር ወጣ። የጠፈር መንኮራኩሩ ጠባብ ስለ ነበረም ማጠሩ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም። ከዚህ የምንማረው፣ ለአንዱ ጉድለት ትራስ ይበቃዋል፤ ለሌላው ግን ትራስ አይገኝለትም። ጭንን የሚያሳጥር ትራስ የለም።

ይሁንና ልክ ማለት ለዘለዓለም የተቆረጠ ነገር ነው አንልም። አሜሪካኖች የአብራሪዎቻቸውን መቀመጫ በ1926 በተወሰደ የአብራሪዎች አማካይ ልክ ይሠሩ ነበር። በ1950 የ4,063 አብራሪዎች አካል እንደ ገና ተለካ። ሌተናንት ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ከልኮቹ ዐሥሩን መርጦ፣ በዐሥሩም አማካይ የሆነ ስንት ሰው እንዳለ መረመረ። አንድም ሰው አልተገኘም። በአማካይ የተሠራው መቀመጫ ለማንም ያልተሠራ ኖሯል! ከዚያ በኋላ መቀመጫው ከፍና ዝቅ፣ የእግር መርገጫውም ቀረብና ራቅ እንዲል ተደረገ። ልብስ የሚሰፉ እኅቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁታል። በአማካይ ልክ የተሰፋ ሱሪ ለአንዱ ያጥራል፤ ለአንዱ ይጎተታል።

በ2020ም የአሜሪካ አየር ኃይል ለአብራሪነት አመልካቾች ከ163 እስከ 196 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተወስኖ የነበረውን የቁመት ድንበር ከመግቢያ መስፈርቱ አነሣ። ያ ድንበር ከአገሪቱ ወጣት ሴቶች 44 በመቶ ያህሉን ያለ ልዩ ፈቃድ ያስቀር ነበር። አሁን እያንዳንዱ ሰው ተለክቶ ከሚስማማው አውሮፕላን ጋር ይዛመዳል። ለአንዱ አውሮፕላን ያልተስማማ ለሌላው ሊስማማ ይችላልና። የሚስፈነጠር መቀመጫ በሌለው የማጓጓዣ አውሮፕላን ለምሳሌ፣ የጉልበቱ ፍርሃት ያን ያህል አይከብድም።

እንግዲህ እኅታችን፣ ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት። የተለካው መቀመጫው ነው እንጂ አንተ አይደለህም። የትኛው አውሮፕላን እንዳልተስማማህና የሚስማማህ ሌላ መኖሩን በአክብሮት ጠይቅ። ሁሉም ቢዘጋ እንኳ አውሮፕላን በአብራሪው ብቻ አይበርም። ሞተሩን የሚፈታ፣ ጃንጥላውን የሚያጥፍ፣ ከማማው ላይ መንገዱን የሚመራ ሰው ከሌለ ከሜዳው አይነሣም። ለእነዚህ ሥራዎች የጭን ርዝመት የሚጠይቅ የለም።

የጎረቤትን ወሬ ደግሞ ለጊዜው ይተዉት። «ዘመድ ስለሌለን ነው» ብሎ ያመነ ልጅ አገሩን እየጠረጠረ ያድጋል፤ ምክንያቱን አውቆ የተመለሰ ግን ነገ ሌላ በር ያንኳኳል። በእውነት የተበደለ ከመሰላችሁም አቤቱታ በግልጽ ይጻፋል እንጂ በሹክሹክታ አይያዝም።

አንድ የቤት ሥራ እንስጥዎና እናብቃ። ዛሬ ማታ ራት ከተበላ በኋላ የስፌት ሜትርዎን ያውጡ። ልጁንም አባቱንም ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና ከግድግዳው እስከ ጉልበታቸው ይለኩ። ያንን ረጅም ጭን ከማን እንደ ወረሰው ምናልባት ያን ጊዜ ይታያል። ልጁም ይህን ሲያይ አባቱን ቀና ብሎ እንደሚያየው ተስፋ አለን። የሆነውን ይጻፉልን።