ስም መነገድና የሰው ስም መያዝ



ትናንት ደለስ ኤርፖርት ተራ ይዘን ስንጠብቅ አንድ ወጣት ባልደረባችን ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ከዚህ መሪ የሚያላቅቀኝ ሥራ አገኘሁ» አለኝ። ሥራው ዶሜይን ገዝቶ መሸጥ ነው። «ቮይስ ዶት ኮም በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እኔ መቶ ስም ብይዝ አንዱ አይሳካልኝም?» አለ። ለሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው፤ እኔም ሞክሬው አውቃለሁና። ያፈርኩበትም ነገር አለ።

ለማያውቅ ሰው፣ ዶሜይን ማለት የድረ ገጽ አድራሻ ነው። ዶት ኮም የሚባሉትን ሁሉ መዝግቦ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለ ኩባንያ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ሬስተን፣ ከኤርፖርቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። እኛ ከቸርቻሪዎች በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ከፍለን እንወስዳለን። «ገዛሁ» እንላለን እንጂ ነገሩ ኪራይ ነው። ቢበዛ የ10 ዓመት ይከፈላል፤ ካላደስከው ከእጅህ ይወጣል።

የ30 ሚሊዮኑ ሽያጭ እውነት ነው፤ በ2019 ተደርጓል። ሻጩ ግን እዚሁ ታይሰንስ ያለው፣ በዚያን ጊዜ ማይክሮስትራቴጂ ይባል የነበረው ነው፤ ስሙን ለረጅም ዓመታት ይዞት የቆየ ትልቅ ኩባንያ። ዛሬ እንደዚያ ያለ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል በ12 ዶላር ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። ለኛ የሚተርፈን ፍርፋሪው ነው።

የኔን ሒሳብ ልንገራችሁ። 60 ስሞች ያዝኩ፤ «ሐበሻ» ያለበት፣ «ቡና» ያለበት፣ «አዲስ» ያለበት። በ12 ዶላር ሲባዛ በዓመት 720 ነው። ሦስት ዓመት አደስኩ፤ 2,160 ዶላር ወጣ። የሸጥኩት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን በ150፣ ሌላውን በ400። ቀሪው ኪሳራ ነው፤ ሌሊት ነድቼ ያመጣሁት ገንዘብ። ይህ ግን አያሳፍርም፤ ንግድ ነው፣ ያተርፋል ይከስራል። «ቡና» የሚለው ቃል የማንም አይደለም፤ ቀድሞ የያዘ ቢሸጠው ማንንም አልበደለም።

ያሳፈረኝ ሌላው ነው። አንድ ቀን ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ አንዲት እህታችን ልትከፍተው ያለ ምግብ ቤት ላይ «በቅርብ ቀን» የሚል ታፔላ አየሁ። ስሙን በስልኬ ፈለግኩ፤ ዶሜይኑ አልተያዘም። መኪናዬን ጥግ አስይዤ እዚያው በ12 ዶላር ያዝኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለችልኝ። «1,500 ዶላር» አልኳት።

ለምን 1,500 እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እንዲህ ላለው ክርክር ፍርድ ቤት ሳይኬድ የሚዳኝበት ደንብ አለ፤ በ1999 አይካን ያወጣው። ጄኔቫ ያለው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በአንድ ዳኛ ለሚታይ ጉዳይ የሚያስከፍለው 1,500 ዶላር ነው፤ ጠበቃ ሳይጨመር። የንግድ ምልክቷን ገና ያላስመዘገበች ሰው ደግሞ መብቷን ማስረዳት ይከብዳታል። አስቤ፣ ደምሬ፣ መውጫ አሳጥቼ ነው የጠየቅኳት።

እሷ ግን አልተከራከረችም። «ወንድሜ፣ ቤቱን የከፈትኩት እኔ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ። አንተ ምን አደረግህ?» አለችኝ። «ቀድሜ ከፈልኩ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። ለባለቤቴ ደግሜ ልነግራት ያልቻልኩት መልስ ነው።

ከወራት በኋላ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ በነፃ ላስረክባት ደወልኩ። አልፈለገችውም። ሜኑውም ካርዱም በሌላ አድራሻ ታትሞ አልቋል። እስከ ዛሬ የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም።

«ቀድሞ መገኘት ብልጠት ነው፣ አሜሪካ ነው ያለነው» የሚለኝ አይጠፋም። አሜሪካም ቢሆን ከ1999 ጀምሮ ሕግ አላት፤ የሌላውን የንግድ ምልክት በክፉ ልቦና ለትርፍ ብሎ ያስመዘገበ ሰው በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ሊፈረድበት ይችላል። ሕጉን ተዉት፤ መለኪያዬ አንድ ነው። የያዝከው ስም የሚያወጣው ዋጋ ከየት መጣ? ከቃሉ ከሆነ ነግድ። ሌላ ሰው ከሚያፈሰው ላብ ከሆነ ግን ንግድ አትበለው።

ሱቅ፣ ማኅበር፣ ዕድር ልትከፍቱ ያሰባችሁም ስሙን ለሰው ከመንገራችሁ፣ ታፔላ ከመስቀላችሁ በፊት ዶሜይኑን ያዙ። ድረ ገጽ በሠራላችሁ ልጅ ስም ሳይሆን በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ይሁን። የማኅበር ከሆነ የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ ከተማ ቢቀይር ስሙም አብሮ እንዳይሄድ። እድሳቱም በካርድ በራሱ እንዲከፈል አድርጉት።

ያ ወጣት ሰምቶኝ ሲያበቃ «ታዲያ እኔ የሰው ስም አልነካም» አለ። ደስ አለኝ። ግን መቶውን ስም ከመያዝህ በፊት በዓመት 1,200 ዶላሩን ከየት እንደምታመጣ አስብ አልኩት።

ይህን ጽሑፍ ያቺ እህት ካነበበችው፣ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሰላም ዋሉ።