ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከማን ጋር ይጫወት?

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። ምሥራቅ ጎጃምም የዚሁ ችግር ሰለባ ነው። ሌላው ልጅ ትምህርት ቤት ቢዘጋበት ሰፈር ወጥቶ ጓደኛ ያገኛል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ከእኩዮቹ ጋር መግባባት ስለሚከብደው፣ የለመዳቸውን ልጆች ሲያጣ የተማረውንም ሊረሳ ይችላል።

በአገራችን በስፋት የሚታወቁት የኦቲዝም ማዕከላት ያሉት አዲስ አበባ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሞት የተለዩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ አንዱ ሲሆን፣ ነህምያ ደግሞ ሌላው ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ልጅ ይዞ እዚያ ድረስ መመላለስ በሰላሙ ጊዜም ለብዙ ቤተሰብ አይቻልም።

በሰፈር ሊሠራ የሚችል ነገር ግን አለ። ጥናቶች ውጤታማነቱን ካሳዩት ዘዴዎች አንዱ፣ ኦቲዝም ካለበት ልጅ ጎን ለጎን እኩዩንም ማሠልጠን ነው። ለመጀመር ትዕግሥት ያለው አንድ ልጅ ይበቃል፤ ወንድም፣ እህት ወይም የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ብለው ያስረዱት፦ ስሙን ጥራው፣ በአጭሩ ተናገር፣ የምትለውን በእጅህ አሳየው፣ ከዚያ ጠብቀው። አዋቂዎችም የምንሳሳተው መጠበቁ ላይ ነው፤ መልሱ ሳይመጣ ጥያቄውን እንደጋግማለን። ልጁ ባይናገርም መጠቆሙ ወይም ኳሱን መልሶ መግፋቱ መልስ ነው። ዓይን ለዓይን እንዲተያይ ማስገደድ አያስፈልግም።

ጨዋታው ተራ ያለውና ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ቢሆን ይመረጣል። ሰኞ ማክሰኞ ለዚህ ይመቻል፤ ሳጥኖቹ መሬት ላይ ተሥለው ይታያሉ። ገበጣም ጥሩ ነው፤ ያገኘውን ወደ አፉ የሚከት ልጅ ከሆነ ግን ጠጠሩ ሊያንቀው ስለሚችል ይቅር። ድብብቆሽ ለጀማሪ ይከብዳል፤ የተደበቀው ልጅ የት እንዳለ መገመትን ይጠይቃል። በመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጅዎ ጆሮውን ከደፈነ ወይም ከሸሸ ያሳርፉት።

ጎረቤት ልጁን የማይልከው ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው። ኦቲዝም እንደማይተላለፍ፣ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት እንዳልሆነ በግልጽ ይንገሯቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አብራዎት ብትሄድ ደግሞ ቃልዎ የበለጠ ይሰማል።

ልጅዎ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካዩበት፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ መስማቱም እንዲመረመር ይጠይቁ።