ሽንት ቤት መልመድ የመግቢያ ፈተና አይሁን

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሽንት ቤት አለመልመዱ ከትምህርት ሲያስቀረው እናቱም ሥራዋን ትተዋለች፤ ኪሳራው የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይ ኦቲዝም ማዕከል ያለው አዲስ አበባ ነው። ከቁንዝላ እየተመላለሰ ልጁን የሚያስተምር ስንቱ ነው?

ሥልጠናው ግን ከቤት ሊጀመር ይችላል። ብዙዎቹ ልጆች ከሚነገራቸው ይልቅ የሚያዩት ቶሎ ይገባቸዋል። ስልክ የያዛችሁ እህትና ወንድሞች፣ የሽንት ቤቱን በር፣ መጸዳጃውን፣ ውሃውንና ሳሙናውን በቅደም ተከተል ፎቶ አንሱና አሳዩት። ልጁን ግን አታንሱት። ከምግብ በኋላ፣ ሁሌ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቃል ጠርታችሁ ውሰዱት። ሲሳካለት ወዲያው የሚወደውን ስጡት፤ ሲያመልጠው አትቆጡት።

ትምህርት ቤቶችም «መጀመሪያ ይልመድና ይምጣ» ማለቱን ትተው እነዚያኑ ፎቶዎች ሽንት ቤታቸው ውስጥ ይለጥፉ። ይሄም ትምህርት ነው።