ማውስም እንደ ጫማ ይለካ

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች በአንዱ ቆሜ፣ ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደሩትን የጌም ማውሶች ሳይ ቆየሁና "ያንን አንዴ በእጄ ልያዘው?" ብዬ ጠየቅሁ። ባለሱቁ "እህቴ፣ ካርቶኑ ከተከፈተ ሌላ ሰው አይገዛኝም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእሱም ችግር ይገባኛል። ስለ እጄ ግን አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ "ይሄኛው 16,000 ዲፒአይ ነው፣ መብራቱም ቀለም ይቀያይራል" ብሎ ሌላ አወረደልኝ። አምኜው ገዛሁ። ስምንት ወር ተሠቃየሁበት።

ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ካውንተር ስትራይክ እጫወታለሁ። ማውስ ከእጄ የሚለየው ስበላና ስተኛ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ያ የገዛሁት ማውስ ርዝመቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ጎኑ ሰፋ ያለ፣ ለሚመጥነው ሰው ግሩም ዕቃ ነው። የእኔ እጅ ግን ከአንጓዬ መስመር እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ 16.8 ሴንቲ ሜትር ናት። መዳፌን ሳሳርፍበት ጣቶቼ ቁልፎቹ አጋማሽ ላይ ይቀራሉ። ወደ ፊት ፈቀቅ ስል ደግሞ አውራ ጣቴ የጎኑን ቁልፍ ያጣዋል። ትንሿ ጣቴ ማረፊያ ስለሌላት ጠረጴዛው ላይ ስትፈተግ ውላ ስትፈተግ ታመሽ ነበር፤ ጎኗ ላይ የወጣው ደረቅ ቆዳ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ከሁሉም የከፋው ማንሳቱ ነበር። ይህን የማይጫወት ሰው ላያውቀው ይችላል። ብዙዎቻችን ኢላማው እንዳይዘልብን ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን ስለምንጫወት፣ ወደ ኋላ ለመዞር ማውሱን ፓዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር መጎተት አለብን። ፓዱ ሲያልቅ ማውሱን ብድግ አድርገን ወደ መሃል እንመልሰዋለን። ያን ጊዜ ማውሱን የሚያነሱት ቁልፉን የሚጫኑት ጣቶች አይደሉም፤ በአንድ በኩል አውራ ጣት፣ በሌላው በኩል የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ናቸው። ሚራጅ በሚባለው የጨዋታው ካርታ ላይ፣ ኤ ሳይት የሚሉትን ቦታ ስጠብቅ ከኋላዬ የእግር ድምፅ እሰማና እዞራለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ፓዱ ያልቃል፣ ማውሱን ላነሳ ስጨብጠው ጎኑ በላብ ረጥቦ ይሾልካል። ኢላማዬ ወለሉን ሲያይ እኔ ሞቻለሁ። ከአዲስ አበባ ሆኜ ዱባይ ያለ ሰርቨር ላይ ስጫወት ፒንጉን፣ ማለትም የመስመሩን መዘግየት፣ ላሳጥረው አልችልም። በእጄ ያለውን ዕቃ መምረጥ ግን የእኔ ፋንታ ነበር።

ስለ አያያዝ ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ተጫዋቾች ሦስት አያያዝ ይቆጥራሉ። ፓልም የሚባለው መዳፍን ከነጣቱ ማውሱ ላይ አስተኝቶ መያዝ ሲሆን፣ ረዘም ያለና ጀርባው ሞላ ያለ ማውስ ይወዳል። ክሎው የሚሉት የመዳፍ ግርጌ ብቻ የማውሱን ጀርባ ነክቶ ጣቶቹ እንደ ቅስት ሲቆሙ ነው። ፊንገርቲፕ ላይ መዳፍ ጭራሽ አይነካም፤ ጣቶች ብቻቸውን ስለሚሠሩ ቀላልና አጠር ያለ ማውስ ያስፈልጋል። እኔ ራሴን እንደ ፓልም እቆጥር ነበር። ወንድሜ አንድ ማታ ከጎኔ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና "አንቺ እኮ ጠብ ሲመጣ ጣቶችሽን ታጥፊያለሽ፤ ሲረጋጋ ነው የምታስተኚያቸው" አለኝ። ልክ ነበር። ሰው የገዛ እጁን ለማየት ጨዋታውን ሲያቆም እጁም አብሮ ስለሚለወጥ፣ አያያዛችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሳታስቡት ሌላ ሰው ይይላችሁ፤ ወይም ስልክ አቁሙና ቅረጹት።

የወንድሜ እጅ 20.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ስሌት አለ፦ የማውሱ ርዝመት ከእጅ ርዝመት 60 በመቶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ሒሳብ ለእሱ 12.2 ይደርሰዋል፤ ለእኔ 10.1። እኔን ያሠቃየኝ ማውስ ለእሱ ልኩ ነበር ማለት ነው። እሱ ወስዶት አሁንም እየተጫወተበት ነው።

ችግሩ፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጌም ማውስ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ትንሽ ከሚባሉት መካከል የሎጂቴክ ጂ102 ርዝመቱ 11.7፣ የሬዘር ቫይፐር ሚኒ ደግሞ 11.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። እዚህ ላይ ርዝመት ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ። ትንሽ እጅ ላለን ሰዎች ከርዝመቱ ይልቅ የሚያድነን የማውሱ ወገብ ነው፤ ማለትም አውራ ጣትና የቀለበት ጣት ከግራና ቀኝ የሚጨብጡት ጠበብ ያለው መሃሉ። ሳጥን ላይ የሚጻፈው ስፋት ብዙ ጊዜ የሰፊው ቦታ ልክ ስለሆነ ያሳስታል። የቫይፐር ሚኒ መያዣ ስፋት 5.35፣ ቁመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ወረቀት ላይ እነዚህን ቁጥሮች ሳይ ለእኔ የሚሆኑ መሰለኝ። አንድ ጊዜ በመሰለኝ ገዝቼ ስለተቃጠልኩ ግን በቁጥር ብቻ ማመን ፈራሁ።

ስለዚህ ከረጅሙ የልብስ ሳሙና አንድ ገዛሁና በወጥ ቤት ቢላ በቫይፐር ሚኒ ልክ ቆረጥኩት። ወገቡን ጠረብኩ፣ ጀርባውን በማንኪያ እየፋቅሁ አጎበጥኩት። ማምሻውን እጄን አሳርፌበት ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ፣ ብድግ አድርጌ መለስኩት። ትንሿ ጣቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠረጴዛው ተነሥታ ጎኑን ያዘች። እናቴ መጥታ ስታየኝ "ሳሙናው ምን በደለሽ?" አለች። ነገሩን ስነግራት እሷም እጇን አስቀምጣ ሞከረችው።

ሳሙና ስለ ክብደት አይናገርም፤ እሱን ከየማውሱ መግለጫ ነው ያገኘሁት። ቫይፐር ሚኒ ያለ ገመዱ 61 ግራም ነው፤ አንድ ተለቅ ያለ የፈረንጅ እንቁላል ያህል። ጂ102 85 ግራም ነው። ገመድ አልባው ጂ305 ደግሞ ውስጡ የባትሪ ድንጋይ ስለሚገባበት ከነድንጋዩ 99 ግራም ይደርሳል። በአንድ ማታ ስንቴ እንደምናነሳው ለሚያስብ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ዲፒአይን በተመለከተ ግን፣ ባለሱቆች እባካችሁ ተዉን። ቁጥሩ ማውሱ አንድ ኢንች ሲሄድ ጠቋሚው ስንት ነጥብ እንደሚሄድ ነው የሚናገረው። በ800 ዲፒአይ 1920 ነጥብ ስፋት ያለውን ስክሪን ለመሻገር 6 ሴንቲ ሜትር እጎትታለሁ። በ16,000 ያንኑ ስክሪን በ3 ሚሊ ሜትር እሻገረዋለሁ፤ ትንፋሼ ሁሉ ኢላማዬን ያናውጠዋል። ከዋንጫ ተወዳዳሪዎቹም አብዛኞቹ ከ400 እስከ 1,600 ባለው ውስጥ ነው የሚጫወቱት። ማንም በማይጠቀምበት ቁጥር ዋጋ ሲጨመርብን ያናድደኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጫማ ሻጭ ሁለቱንም እግር አስለክቶ፣ ትንሽ አራምዶ ነው የሚሸጥልን፤ የተለካ ጫማ አሮጌ ነው ያለ የለም። የማውስ ሻጮችም ከየዓይነቱ አንዱን ከፍተው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡልን። ሞዴሉ ሲያረጅ ያንን የተከፈተውን ቀንሰው ይሽጡት፤ ገዢ አያጡም። ከአጠገቡ አንድ ማስመሪያ ይለጥፉ። የግራኝ ደንበኛ ሲመጣም የጎን ቁልፎቹ የት እንዳሉ ያሳዩት። ሁለቱ ጎኑ እኩል የሆነ ማውስ ለግራ እጅም ይሆናል ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጎን ቁልፎቹ በግራ በኩል ብቻ ስለሆኑ ለአውራ ጣቱ አይደርሱትም። የመሥሪያ ቤቴ ባልደረባ ይህን ያወቀው ከፍሎ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ዕቃ መመለስ ቀላል በማይሆንበት ከተማ እንዲህ ያለ ስሕተት የወር አስቤዛ ይበላል።

ከውጭ ለምታስመጡም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልኝ ስትመጣ አልሆን ቢለኝ መልሳ የምትወስደው መቼ ነው? "ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?" ብላ ስትጽፍልኝ የመለስኩላት ርዝመቱን፣ ወገቡንና ቁመቱን ነበር። የመጣልኝ ጥቁር ነው። ይኸው ይህንንም የምጽፈው እሱን አጠገቤ አድርጌ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ መጥቶ "እኔም እንደ አንቺ ያለ ማውስ እፈልጋለሁ" አለኝ። ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ነጭ ወረቀት ዘረጋሁለትና እጁን አስተኝቶ ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍኩት፤ 15.1 ወጣ። ስሙንና ዕድሜውን ከሥሩ ጻፈ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ቨርጂኒያ ላክሁት።