የሞተ ደራሲ ወረቀት

«ሰውዬው መጽሐፉን አሳትሞ ካለፈ፤ በሣጥን የቀረው ቁርጥራጭ ወረቀት ምን ይረባል?» የሚል ቃል በከተማ ሰዎች ዘንድ እንደ ጥበብ ሲነገር ይሰማል። ተናጋሪዎቹ ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በትዕግሥት በታለፈ ነበር። የሚናገሩት ግን መጽሐፍ የሚገዙ፣ መጽሐፍ የሚያነቡ፣ አንዳንዶቹም መጽሐፍ የሚጽፉ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ መልስ ሳያገኝ ሊቀር አይገባም።

ስሕተቱ እጅግ የሚከፋው፤ የሞተው ደራሲ በእውነት የነበረን ሰው ሕይወት በልብ ወለድ መልክ የጻፈ በሆነ ጊዜ ነው። ፈጠራ ብቻ የሚጽፍ ሰው ከራሱ ልብ አውጥቶ ይጽፋልና፤ ረቂቁ ቢጠፋ የጠፋው የራሱ ነው። የነበረን ሰው ሕይወት የሚጽፍ ደራሲ ግን የሁለት ማሳ እህል በአንድ አውድማ ይወቃል። አንዱ ከሽማግሎች አፍና ከቀደሙ መጻሕፍት የሰበሰበው ነው፤ ሁለተኛው የገዛ ሐሳቡ የወለደው ነው። ንጉሡ በሌሊት በድንኳኑ ውስጥ ብቻውን ሆኖ የተናገረውን ማንም አልሰማም፤ ደራሲው ግን እንደ ሰማ አድርጎ ይጽፋል። ይህ የሙያው ፈቃድ ነውና ውሸት ተብሎ አይነቀፍም። ዳሩ ግን አንባቢው የትኛው እህል ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ በታተመው መጽሐፍ ብቻ ሊለይ አይችልም። የሚለይበት ምልክት ያለው በደራሲው ማስታወሻ ደብተር፣ በረቂቁ፣ በተሰረዘው መስመር፣ ከሰዎችም ጋር በተጻጻፈው ደብዳቤ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ የቅኔውን ታሪክ የሚያውቅ መምህር ካልፈታለት ተማሪው ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ ይዞት ይሄዳል።

ለዚህ ምሳሌ የዐፄ ቴዎድሮስን ነገር ማንሣት ይበቃል። የጎንደር ልጅ ብርሃኑ ዘርይሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፤ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አሳተሙ። አቤ ጉበኛ በባሕር ዳር አቅራቢያ ተወልዶ፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቅኔ የተማረ፤ በኋላም ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ነበር። እነዚህ ደራስያን የጻፉለት ንጉሥ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ከመጽሐፍ የተገኘ እንግዳ አይደለም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርቶ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ እያስጎተተና መንገድ እያስጠረገ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሄደ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሞተ። መድፉን የጎተተው፣ እህሉ የተወሰደበትና ቤቱ የተቃጠለበት የበጌምድር ሰው ያየውን ለልጁ ነገረ፤ ልጁም ለልጅ ልጁ ነገረ። ደራስያኑ ብዕር ባነሡበት በ1950ዎቹ ዓመታት ይህን ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ ሽማግሎች ገና በሕይወት ነበሩ፤ ዛሬ ግን የሉም። ደራሲ ከእንዲህ ያለ ሽማግሌ ሰምቶ በደብተሩ የመዘገበው ቃል ቢኖር፤ ያ ደብተር ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ የከበረ ነው። መጽሐፉ ዳግመኛ ሊታተም ይችላል፤ ሽማግሌው ግን ዳግመኛ ሊጠየቅ አይችልም።

የንጉሡ እናት ኮሶ ትሸጥ ነበር የሚለውን ወሬ የማያውቅ የለም። ጠላት ያወራው ስድብ ነው የሚል አለ፤ እውነት ነው፤ ነውርም የለበትም የሚል አለ። አንድ ደራሲ ይህን ነገር በመጽሐፉ ቢያገባው፤ ከየት አገኘው? ከመኳንንት ዘር ሰማውን? ከገበያ ለቀመውን? ወይስ ታሪኩን ለማሳመር ራሱ ጨመረበትን? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ረቂቁ ነው። ረቂቁ ከጠፋ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የደራሲው ፈጠራ የሕዝብ ታሪክ ሆኖ ይነገራል፤ የሕዝቡም ታሪክ «ደራሲ የፈጠረው ነው» ተብሎ ይናቃል። ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ሐሰቱ እውነት ይሆናል፤ እውነቱም ሐሰት ይሆናል።

ይህን ሕግ ለጋይንትና ለእስቴ ሊቃውንት ሌላ ሰው ሊያስተምራቸው አይችልም። የድጓ ተማሪ በየትም አገር ተምሮ ቢመጣ፤ ለመምህርነት የሚበቃው በጋይንት ቤተ ልሔም አስመስክሮ ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ተማሪ ወደ ዙር አምባ ይወጣል። የእስቴዋ ቆማ ፋሲለደስም በራሷ ስም በሚጠራው ዜማ ትታወቃለች። ተማሪው ይህን ሁሉ ተራራ የሚወጣውና የሚወርደው ስለ ምንድር ነው? ግልባጭ ያለ አብነት የማይታመን ስለ ሆነ ነው። ምልክት አንዲት ስንኳ ከቦታዋ ብትዛነፍ ዜማው ይለወጣልና፤ ግልባጩ ወደ አብነቱ ቀርቦ ይታረማል። የታተመው መጽሐፍ ግልባጭ ነው፤ የደራሲው ረቂቅና ማስታወሻ አብነቱ ነው። ድጓውን ያለ አብነት የማይቀበል ሊቅ፤ የሰውን ሕይወት ያለ አብነት እንዴት ይቀበላል?

እንግዲህ የተቃዋሚዎቹን ቃል በየተራው መመርመር ይገባል።

አንደኞቹ «የታተመው ይበቃል፤ ደራሲው ለሰው የሰጠው እርሱን ነውና» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የመጽሐፍን መንገድ አላወቁም። በዘውዱም ዘመን በደርግም ዘመን መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር፤ ይህ ቅድመ ምርመራ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ታግዷል፤ ደራሲውም በኋላ ወደ ኢሉባቦር ወደ ጎሬ በግዞት ተልኳል። እንዲህ ባለው ዘመን በታተመ መጽሐፍ ላይ የሦስት ሰው እጅ አለበት፤ የደራሲው፣ የመርማሪውና የአታሚው። ደራሲው ፈርቶ የተወውን፣ መርማሪው የሰረዘውን፣ አታሚው የሳተውን የሚያሳይ ከረቂቁ በቀር ሌላ የለም። ስለዚህ «የታተመው ይበቃል» የሚል ሰው፤ ሳያውቀው የመርማሪውን ፍርድ ያጸናል።

ሁለተኞቹ ከቤተ ክህነት ወገን ናቸው። «የዓለማዊ ተረት ወረቀት በዕቃ ቤት ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ምን ኅብረት አለው?» ይላሉ። ለቅድስናው መቅናታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን የገዛ ቤታቸውን ሥርዓት ዘንግተዋል። በብዙ አድባራት በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የርስት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የዋስና የምስክር ስም ተጽፎ ይገኛል። አባቶች ይህን የጻፉት ዓለማዊውን ነገር ለመቀደስ አልነበረም፤ ማንም የማይደፍረው ስፍራ እርሱ ስለ ሆነ ነው። የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያምም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደጋቸው ሰዎች ነበሩ። ደግሞም የደራሲውን ወረቀት ከታቦቱ አጠገብ አኑሩት ያለ ማንም የለም፤ ከአይጥ፣ ከጢስና ከዝናብ የሚጠበቅበት አንድ ሣጥን ይበቃዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ የሞቱን ሰዓት ሲጠብቅ ካባውን፣ መጻሕፍቱንና ብራናዎቹን እንዲያመጡለት ጢሞቴዎስን ለምኗል። ሊሞት የቀረበ ሰው ለብራናው እንዲህ ካሰበ፤ በሕይወት ያሉት እንዴት ይንቁታል?

ሦስተኞቹ ወራሾች ናቸው፤ «በደብዳቤው ውስጥ የቤት ገመና አለ» ይላሉ። ይህ ቃል አይናቅም፤ ገመናም መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ገመናን ለመጠበቅ ማቃጠል አያስፈልግም፤ እስከ ተወሰነ ዘመን አትሞ መዝጋት ይበቃል። የሆላንዱ ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎህ በ1890 በአውሮፓ አቆጣጠር ሞተ፤ ወንድሙም በማግስቱ ዓመት ተከተለው። የወንድሙ ሚስት ዮሐና መበለት ሆና ሕፃን ታቅፋ ሳለች የሁለቱን ደብዳቤዎች ጠበቀች፤ በ1914ም አሳተመቻቸው። በ1934 ኢርቪንግ ስቶን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ የሠዓሊውን ሕይወት በልብ ወለድ ሲጽፍ የቆመው በእነዚያ ደብዳቤዎች ላይ ነበር። ይኸው ደራሲ ስለ ሚኬላንጄሎ ሲጽፍ ወደ 500 የሚጠጉ የሚኬላንጄሎን ደብዳቤዎች ከጣሊያንኛ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመ። ልብ ወለዱ በ1961 ወጣ፤ ደብዳቤዎቹም በማግስቱ ዓመት ራሳቸውን ችለው መጽሐፍ ሆኑ። የስቶን የራሱ ወረቀት ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ስለዚህ የጻፈውን ለመመርመር የሚሻ ሰው ሁለቱን ያገኛል፤ ደራሲው የተመለከተውን ደብዳቤና ከደብዳቤው ያወጣውን ታሪክ ጎን ለጎን አድርጎ ይመዝናል። ያቺ መበለት «የቤት ገመና ነው» ብላ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተገኘም ነበር።

አራተኞቹ «ፈረንጅ ይጠብቅልናል» የሚሉ ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው የእነርሱ ቃል ነው። ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላከው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በለንደን ተቀመጠ። መልስ መከልከላቸው ጦርነት አመጣ፤ ወረቀቱን መጠበቃቸው ግን ዛሬ ፍርዱን በእነርሱው ላይ አደረገ፤ ንጉሡ ምን እንደ ጻፈ በእጃቸው ባለው ወረቀት ይታወቃልና። የደብተራ ዘነብን ዜና መዋዕል ኤኖ ሊትማን በ1902 በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው በበርሊን ከነበረው ጽሑፍ ነው። ንጉሡ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ካሰባሰባቸው መጻሕፍትም 350 ያህሉ ከ1860ው ዘመቻ በኋላ በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። እነዚህን ለማየት የኢትዮጵያ ተማሪ ባሕር መሻገር አለበት። በጦር የተወሰደው ነገር ያስለቅሳል፤ ወድዶ በቸልታ የጣለ ሰው ግን በማን ላይ ያለቅሳል?

ወረቀትን በየቤቱ መተውም መጠበቅ አይባልም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ፤ ሰው ልጁን ይዞ ሲሸሽ የወረቀት ሣጥን ተሸክሞ ሊወጣ አልቻለም፤ አይፈረድበትምም። ስለዚህ በአንድ ስፍራ የሚኖር አንድ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ መልካም ምሳሌ በቤተ ክርስቲያን እጅ ተሠርቷል። በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ሥራ ከ9000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አነሣ፤ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ተቀመጠ፤ ብራናው ግን ወደ ባለቤቱ ደብር ተመለሰ። የደራስያን ወረቀትም በዚሁ ሥርዓት ሊጠበቅ ይችላል። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክርና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ዋናውን ይቀበሉ፤ ቅጂው ደራሲው በተወለደበት ወይም በጻፈበት አገር ይቅር። ወራሾችም በጽሑፍ ቃል ኪዳን ያድርጉ፤ የሚዘጋው ደብዳቤ እስከ ስንት ዓመት እንደሚዘጋ፤ የሚታተመው ነገር ጥቅም የማን እንደሚሆን ይወሰን። ከዚያ በፊት ግን ማንም ሰው «ላስተካክለው» ብሎ ወረቀቱን አይለይ፣ ቅደም ተከተሉን አያፍርስ፣ የተሰረዘውንም አይጣል፤ የተሰረዘው መስመር ካልተሰረዘው ያላነሰ ይመሰክራልና።

የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስን ክርታስ በካራ እየቀደደ በምድጃው እሳት አቃጠለ። የጠፋው ቃል የተመለሰው ነቢዩ በሕይወት ስለ ነበረና ባሮክን ዳግመኛ ስላስጻፈው ነው። ደራሲ ከሞተ በኋላ ወረቀቱ ለባለ ሱቅ ስኳር መጠቅለያ ቢሸጥ ግን ዳግመኛ የሚያስጽፍ የለም። ከወገዳ እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም ወዲያ በየከተማው፤ የሚጽፍ ሰው በሞተ ጊዜ በሐዘኑ ቤት አስቀድሞ የሚገባው ካህኑ ነው። እስከ አርባው ቀን ድረስም ደጋግሞ ይመጣል። ከፍትሐቱና ከማጽናናቱ በኋላ «ወረቀቱስ የት አለ?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ፤ ወራሾቹ ሣጥኑን ከመሸጣቸው በፊት ነገሩን ያስቡበታል።